ማሩ ስንት፣ ትዝታው ስንት?

በዓል በተቃረበ ቁጥር የመጽሔቶችና የጋዜጦች የባልትና ዓምዶች አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይዘው ብቅ ይላሉ። ጽሑፉ በመጀመሪያ ስለ አንድ ቀን ያወራል፤ ስለ ሠርግ፣ ስለ ክርስትና፣ ስለ ምረቃ፣ ከሩቅ አገር ስለተመለሰ ወንድም። ቀጥሎ በዚያ ቀን የተጠጣውን መጠጥ አሠራር ይዘረዝራል። ቀይ ወይን ከለስላሳ ጋር፣ ጂን ከሎሚ ጋር፣ ማር ከዝንጅብል ጋር በብርጭቆና በማንኪያ ተለክቶ ይደባለቃል፤ መጠጡም በአያት ወይም በሙሽራ ስም ይጠራል። ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ ኮክቴልን ከግል ትዝታ ጋር አጣምሮ ማቅረብ በዓለም ዙሪያ የተለመደ የጽሑፍ ዓይነት ሆኗል፤ በምሥራቅ አፍሪካና በአፍሪካ ቀንድም እንግዳ አይደለም።

ሂስ ግን ወደዚህ መንደር ብዙም ጎራ አይልም። ጽሑፉ ቀላል መስሎ ስለሚታይ ሊሆን ይችላል፤ ደግሞም የሰውን ትዝታ መተቸት እንደ ድፍረት ይቆጠራል። እናቷን ያስታወሰችን ጸሐፊ «ትዝታሽ አላሳመነም» ማለት ለማን ይቀላል? ይሁን እንጂ ትዝታ አንዴ ከታተመ በኋላ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ አሠራርም አንዴ ከታተመ በኋላ ትምህርት ነው። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ አንዱ ለሌላው ምን ይሠራለታል ተብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ለዚህ ጥያቄ አንድ ቀላል መመዘኛ አለ። ትዝታው ከጽሑፉ ይውጣና መጠጡ በቀረው መመሪያ ብቻ ይዘጋጅ። መጠጡ ያው ከሆነ ትዝታው ጌጥ ነበር ማለት ነው። የሚጎድል ነገር ከተገኘ ግን ትዝታው ራሱ ከቅመሞቹ አንዱ ነበር። በየበዓሉ ከሚታተሙት ጽሑፎች ብዙዎቹ በዚህ መመዘኛ ይወድቃሉ። ጂኑና ሎሚው በሠርጉ ቀንም ሆነ በማንኛውም ማክሰኞ ያው ጂንና ሎሚ ናቸው። ሙሽራዋ በመጠጡ ስም ላይ እንጂ በመጠጡ ውስጥ የለችም። አንባቢው የሚያገኘው ሁለት የማይተዋወቁ ጽሑፎችን ነው፤ አንዱ ያስለቅሳል፣ ሌላው ያዛል።

ይህ ድክመት በዚህ አካባቢ ሲታይ ይበልጥ የሚያስቆጨው፣ የአካባቢው የቤት መጠጦች ከቀንና ከሰው ተለይተው የሚታሰቡ ባለመሆናቸው ነው። ጠላን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። በደጋው ቤት ለጠላ የተጻፈ መለኪያ አልነበረም ሲባል፣ መለኪያ አልነበረም ማለት አይደለም። መለኪያው ቀኑ ነበር። ጠማቂዋ አስቀድማ የምትጠይቀው «ስንት ኪሎ?» ብላ ሳይሆን «ለመቼ? ለስንት ሰው?» ብላ ነው። ድግሱ ለገና ከሆነ ከታኅሣሥ 29 ወደ ኋላ ትቆጥራለች። ብቅሉ የሚነከርበት፣ የሚበቅልበትና የሚደርቅበት ቀን አለው፤ ጌሾው የሚወቀጥበት፣ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ የሚታጠንበት፣ ጥንስሱ የሚጠነሰስበት፣ ከዚያም አሻሮው ገብቶ ድፍድፍ የሚሆንበት፣ በመጨረሻም ውሃ ተጨምሮበት ጋኑ የሚከደንበት ቀን አለው። ይህ ሁሉ ቆጠራ ደግሞ እንደ አገሩ አየር ይለያያል። በደብረ ብርሃን ብርድ የሚዘገየው ጥንስስ በድሬዳዋ ሙቀት ይቸኩላል። ስለዚህ «ለገና የተጠመቀው የእናቴ ጠላ» የሚል ጽሑፍ፣ እናትየው በየትኛው አገር፣ ከገና ስንት ቀን አስቀድማ እንደጀመረች ካልነገረ፣ አሠራሩንም ትዝታውንም አልተናገረም።

ጠጅ ይህን ነገር ይበልጥ ያሳያል። የተለመደው ልክ አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ ነው፤ ማሩን የሚያከብዱም፣ ውሃውን የሚያበዙም ቤቶች አሉ። ማሩ በውሃ ይበረዛል፤ ሰፈፉ ይገፈፋል፤ የተቀቀለው የጌሾ እንጨት ይገባል፤ ቀኑ ሲደርስ ይጣራል። ይህን ማንኛውም መጽሐፍ በአምስት መስመር ሊጽፈው ይችላል። ነገር ግን በብዙ ቤቶች ከእነዚህ መስመሮች ውስጥ የማይገኝ አንድ ተግባር ነበር። ጌሾው ከመግባቱ በፊት፣ ማሩ ገና እንደተበረዘ፣ ከላዩ ተቀንሶ ለብቻው ይቀመጥ ነበር። ይህ ብርዝ ለልጆችና አልኮል ለማይጠጡ እንግዶች ነው፤ በተለይም ለሙስሊም ጎረቤቶች። ጠጅ ጣይዋ ጎረቤቷን የምታስታውሰው በድግሱ ዕለት ሳይሆን፣ ከሳምንታት በፊት፣ ጌሾውን ከመጨመሯ በፊት ነው። ከዘነጋቻቸው የሠራችው ስሕተት በይሉኝታ አይታረምም፤ ጌሾ የገባበት ወደ ብርዝነት አይመለስም። የተሻለው አማራጭ ለእነርሱ ሌላ ማር መበረዝ ነው።

ትዝታ በአሠራር ውስጥ ሥራ ይሠራል ሲባል እንዲህ ማለት ነው። ሙስሊሟ ጎረቤት የጽሑፉ ማጣፈጫ አይደለችም፤ የአሠራሩ ሁለተኛ ደረጃ ናት። ከጽሑፉ ብትወጣ ቅደም ተከተሉ ይበላሻል። ስለ አብሮ መኖር የተጻፉ ብዙ ገጾች ያልያዙትን ነገር ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ትይዛለች፤ «ጌሾው ሳይገባ ለጎረቤት ቀንሺ» የምትለው። አንድ ጸሐፊ ስለ ሠርጉ ጠጅ ሲያስታውስ፣ የሙሽራዋን ቀሚስና የዘፈኑን ዓይነት ዘርዝሮ ይህችን ዓረፍተ ነገር ከዘለላት፣ ያስታወሰው ሠርጉን እንጂ ጠጁን አይደለም።

ይህ መዝለል ግን የዛሬ ጸሐፊዎች ብቻ ጥፋት አይደለም፤ ሥር አለው። እቴጌ ጣይቱ ብጡል እ.ኤ.አ. በ1887 ለእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምረቃ ያዘጋጁት ታላቅ ግብር በታሪክ የታወቀ ነው። የታሪክ ምሁሩ ጀምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው «ስተሪንግ ዘ ፖት» በተሰኘው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፉ፣ ይህን ግብር አገራዊ የሆነ የምግብ ባህል የታየበት መድረክ አድርጎ አቅርቦታል። ማካን ድግስን እንደ ታሪክ ሰነድ ማንበቡ ትልቅ ውለታ ነው። ሆኖም እንዲህ ያሉ ግብሮች በተጻፉባቸው ዜና መዋዕሎች በአብዛኛው የሚነግሠው የጋባዡና የተጋባዡ ስም ነው። ጠጁን የጣሉት፣ ጌሾውን የቀቀሉት፣ ጋኑን ያጠኑት እጆች በስም ሲጠሩ እምብዛም አይገኙም። የድግስ ትዝታ ከጥንትም የጠጪው ትዝታ ሆኖ ኖሯል። የዛሬው የባልትና ዓምድ አያቱን በስም ሲጠራ ይህን ጥፋት የሚያርም ይመስላል፤ ነገር ግን ስሟን ጠርቶ ሥራዋን ከተወ፣ ዜና መዋዕሉ ያደረገውን በትንሹ መድገሙ ነው።

ወደ ጎረቤት አገር ሲሻገሩ፣ ሁለት የኬንያ መጠጦች ነገሩን ከሁለት አቅጣጫ ያሳያሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1980 ናይሮቢ ከተከፈተው ካርኒቮር ምግብ ቤት ጋር ስሙ ተያይዞ የሚጠራው «ዳዋ» ነው። ቮድካ፣ ሎሚ፣ ስኳርና በረዶ በማር በተነከረ እንጨት እየተማሰሉ የሚጠጡበት ኮክቴል ሲሆን፣ የካይፒሪኛ የተባለው የብራዚል መጠጥ ዘመድ ነው። «ዳዋ» በስዋሂሊ መድኃኒት ማለት ነው፤ ለአማርኛ አንባቢ ጆሮ «ደዌ»ን ቢያስታውስም ትርጉሙ ተቃራኒው ነው። በዚሁ ስም በየቤቱ የሚፈላ፣ አልኮል የሌለው የዝንጅብል፣ የሎሚና የማር መጠጥም አለ፤ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚጠጣው ነው። እነሆ የምግብ ቤቱ መጠጥ ከቤቱ መጠጥ የወሰደው ማሩን ብቻ አይደለም፤ ታሞ የመታቀፍን ትዝታም ነው። ስሙ በራሱ ይሠራል። ስለ ዳዋ የሚጽፍ ሰው ታማሚውን ልጅና ትኩሱን ጽዋ ካላስታወሰ፣ በእጁ የቀረው ከብራዚል የመጣ እንግዳ መጠጥ ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው የኪኩዩ ሕዝብ «ሙራቲና» ነው። ከማር ወይም ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ይጠመቃል፤ በጥሎሽ ሥርዓትና በሽማግሌዎች ጉባኤ ይቀርባል። የሚያብላላው፣ እንደ ቋሊማ ረዝሞ የሚንጠለጠል የአንድ ዛፍ ፍሬ ነው። ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ይደርቃል፣ መጠጡ ውስጥ ይገባል፤ ሥራውን ሲጨርስ ወጥቶ እንደገና ይደርቅና ለሚቀጥለው ጥምቀት ይቀመጣል። ያለፈውን ድግስ እርሾ ይዞ ወደሚመጣው ድግስ ይሻገራል። ስለ ሙራቲና የሚጻፍ አሠራር «አንድ ፍሬ» ብሎ ቢያልፍ ልክ ያልሆነው ለዚህ ነው። ፍሬው የማን ነበር? ለየትኛው ጥሎሽ ገብቶ ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች የስሜት ጥያቄዎች ይመስላሉ፤ መልሳቸው ግን መጠጡ ይፈላ እንደሆነና እንዳልሆነ ይወስናል።

አያቶችን ራሳቸውን እያናገሩ አሠራር የመሰብሰቡን ጥረት በተመለከተ፣ በአካባቢው ጉዳይ ላይ ከተጻፉት መካከል ሊጠቀስ የሚገባው «ኢን ቢቢስ ኪችን» ነው። ሶማሊያ የተወለደችው ሐዋ ሐሰን ከጁሊያ ተርሽን ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመችው ይህ መጽሐፍ፣ የሕንድ ውቅያኖስ ከሚነካቸው ስምንት የአፍሪካ አገሮች የመጡ አያቶችን ያናግራል፤ ኤርትራ፣ ሶማሊያ፣ ኬንያና ታንዛኒያ ከእነርሱ መካከል ናቸው። «ቢቢ» በስዋሂሊ አያት ናት። መጽሐፉ በዋነኛነት የምግብ እንጂ የመጠጥ አይደለም፤ ቢሆንም በትዝታና በአሠራር ጋብቻ ረገድ የሚያስተምረው አለ። ትልቁ ጥንካሬው አያቶቹን የልጅ ልጅ ትዝታ አድርጎ አለማቅረቡ ነው። ራሳቸው ተጠይቀው ራሳቸው ይመልሳሉ፤ ስለ ተወለዱበት፣ ስለ ተሰደዱበት፣ ስለ ቤት ትርጉም በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ። ይሁንና ከቃለ ምልልሱ ወደ አሠራሩ ሲታለፍ ድምፃቸው ይቀዘቅዛል። በእጅና በዓይን የተለካው ወደ ስኒና ማንኪያ ሲዞር፣ በሁለቱ መካከል የተደረገው ድርድር ብዙም አይታይም። አንባቢ ሊማርበት የሚችለው ግን ያ ድርድር ነበር፤ አያት «እስኪበቃው» ስትል ጸሐፊዋ «ስንት?» ብላ የጠየቀችበት፣ አያትም የሳቀችበት ወይም የተቆጣችበት ቅጽበት።

ሌላው ችግር ከዚህ ይከብዳል። የመጠጥ ትዝታ ጣፋጩን ይመርጣል። ጠላና ካቲካላ የሸጠች እናት ልጆቿን አስተምራ ለወግ ለማዕረግ ማብቃቷ በአካባቢው የተለመደ ታሪክ ነው፤ ነገር ግን ሥራዋ በዘመኗ በንቀት ይጠራ እንደነበር፣ ልጆቿም አንዳንዴ ያፍሩበት እንደነበር በበዓል ዓምድ ላይ አይጻፍም። በሱዳን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 የወጡት ሕጎች አልኮልን ከከለከሉ በኋላ፣ በጦርነት ተፈናቅለው ካርቱም ዳርቻ የሰፈሩ ሴቶች መሪሳና አረቄ በመሥራታቸው ተገርፈዋል፣ ታስረዋል። ሕጉ ሙስሊም ላልሆኑት የላላው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ከእነዚህ ሴቶች ለአንዷ የመሪሳ አሠራር ከየትኛው ትዝታ ጋር ይጣመራል? ጥንስሱ የተደበቀበት ጉድጓድ፣ ፖሊስ ሲመጣ የሚደፋው እንስራ፣ ከመሸ በኋላ ብቻ የሚነደው እሳት የአሠራሩ ክፍሎች ይሆናሉ።

ጉዳት ስለሚያደርሰው መጠጥም እንዲሁ መናገር ያስፈልጋል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1980 ቻንጋ የተባለውን የቤት አረቄ በሕግ ከለከለች፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በቁጥጥር ሥር እንዲሆን ፈቀደች። በእነዚህ ዓመታት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ናይሮቢ ውስጥ ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ሌሎችን ዓይነ ስውር አድርጓል። ስለ አረቄ የሚጻፍ ትዝታ የአያትን ወግ እያሞጋገሰ ምን እንደሚጨመር እንጂ ምን ፈጽሞ መጨመር እንደሌለበት ካልተናገረ፣ የሥነ ጽሑፍ ጉድለት ብቻ አይሆንም፤ ሰው ይጎዳል። በመጠጥ የተነሳ ቤታቸው ለፈረሰባቸውም ዝምታው መልስ አይሆንም። ሱዳኖች በረመዳን የሚያዘጋጁት፣ ከበቀለ ማሽላና ከቅመም የሚሠራው አልኮል አልባ መጠጥ «ሑሉ ሙር» ይባላል፤ ጣፋጭ መራራ ማለት ነው። ለመጠጥ ትዝታ ከዚህ የተሻለ ስያሜ ማግኘት ያስቸግራል።

ታዲያ ይህ የጽሑፍ ዓይነት ይቅር ይባል? አይባልም፤ እንዲያውም ዛሬ ከምንጊዜውም ይልቅ ያስፈልጋል። አሠራሩ ከእናት ወደ ልጅ በዓይን የሚተላለፍበት ሰንሰለት በብዙ ቤት ተበጥሷል፤ በተለይ በስደት። በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ፎቅ ቤት ጠጅ የምትጥል ሴት ጋን የላትም፤ በምትኩ ትልቅ ጠርሙስ ወይም የፕላስቲክ በርሜል አላት። ወይራ የምታጨስበት ግቢ የላትም፤ ጢሱን ያየ የእሳት ማስጠንቀቂያ ይጮህባታል። ጌሾው ወይ ከሐበሻ ሱቅ ይገዛል፣ ወይ በሻንጣ ተጭኖ ይመጣል። ቤቱ ክረምት ከበጋ ስለሚሞቅ፣ እናቷ የነገረቻት የቀን ቁጥር አይሠራላትም። እንዲህ ባለው ቤት ትዝታ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ የጎደለውን ዕቃ ተክቶ የሚሠራ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው ጠጅ ሲኮመጥጥባት ስሕተቱን የምታገኘው የእናቷን ጠጅ ሽታ በማስታወስ ነው፤ «በዚህ ጊዜ እንዲህ አይሸትም ነበር» ብላ። ሽታውን የማያውቀው ልጇ ግን ይህን ማለት አይችልም። ለእርሱ የሚቀረው የተጻፈው ብቻ ነው።

ከዚህ አንጻር ከአንድ ጥሩ የቤት መጠጥ ጽሑፍ የሚጠበቁት ነገሮች ግልጽ ናቸው። ቀኑን ሲጠራ ወደ ኋላ መቁጠር አለበት፤ ሰውን ሲጠራ እጁን ማሳየት አለበት፤ መለኪያ ሲሰጥ መለኪያው ከየትኛው ቤትና ከየትኛው አየር እንደመጣ መናገር አለበት። ከሁሉም በላይ የተበላሸውን መጻፍ አለበት። የኮመጠጠውን፣ የፈነዳውን ጠርሙስ፣ ጎረቤቷ የተረሳችበትን በዓል የማይጠቅስ ትዝታ፣ ባለሙያ ሴትን ወደ ቅዱስ ሥዕል ይለውጣታል፤ ከሥዕል ደግሞ ሙያ አይማሩም። አዲሱም ኮክቴል ቢሆን ከዚህ ደንብ አይወጣም። ጂንና ሎሚ የደባለቀ ወጣት፣ ሎሚው ለምን እንደበዛ፣ ጂኑ ለምን እንዳነሰ፣ በዚያ ምሽት ከእንግዶቹ ማን እንደማይጠጣና ለእርሱ ምን እንደተዘጋጀለት ከጻፈ፣ መጠጡ የአንድ ቀን መጠጥ ይሆናል።

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይላል ተረቱ። በእጅና በዓይን ይተላለፍ የነበረው ሙያም ብዙ ቦታ ነቅቷል፤ በልቅሶ አይጠገንም። በአሮጌው ብርሌ ውስጥ ምን ያህል ማር፣ ምን ያህል ውሃ እንደነበረ፣ ጌሾው ሳይገባ ለማን እንደተቀነሰ በግልጽ መጻፍ ግን ይቻላል። እንዲያ የተጻፈ ገጽ፣ እንደ ሙራቲናው ፍሬ፣ ደርቆ ይቀመጥና ለሚቀጥለው ድግስ ያገለግላል።